ተራራ ያስደነገጠ ሰው

በዚህ ጫካ ጉቶ ላይ አይቀመጥም። ጉቶ የተራራው ጌታ የነብሩ ወንበር ነው ይባላል። ነብር የሚባል ነገር ከታየ ሃምሳ ዓመት ቢያልፈውም ወንበሩ እንደተከበረ ባዶውን ይኖራል። ተራራ ከወጣን በስድስተኛው ቀን ዝናቡ በአንገቴ ገብቶ በጫማዬ ሲወጣ፣ ጉልበቴም እንደ ላላ ማጠፊያ ሲንቀጫቀጭ፣ ሰፊና ደረቅ የጥድ ጉቶ አጠገቤ እያለ እኔ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ጎሽ" አለ አጎት ታይ። "መጽሐፍ ያነበበ ቂጥ ሥርዓት ያውቃል።"

"ያላነበበውስ?"

"ያላነበበው ደንድኗል። የትም ቢቀመጥ አይሰማውም።"

አጎት ታይ በሥጋ አጎቴ አይደለም። ከአባቴ ጋር ሠላሳ አንድ መከር ቻንግባይ ተራራ ወጥቶ የወረደ፣ አፉ ከትንባሆና ከነገር ቦዝኖ የማያውቅ አጭር ሰው ነው። አባቴ ደግሞ መሪያችን ነው። ሉዋን ሾውዬ ሲባል በጫካው ዳር ባሉት ሰባት መንደሮች የማያውቀው የለም። ጂንሰንግ የሚባለውን የመድኃኒት ሥር የሚቆፍር ሰው ያለ መሪ ተራራ አይወጣም። በየት እንደሚታለፍ፣ የት እንደሚታደር፣ መቼ ዝም እንደሚባል የሚወስነው መሪው ነው። የተገኘውን ሥር ከመሬት የሚያወጣውም የእሱ እጅ ብቻ ነው።

አባቴ አልተቀመጠም። ዱላውን ተደግፎ ፊቱን ወደ ማዶው ሸንተረር አዙሮ ቆሟል። ለሚያየው ሰው አገር የሚቃኝ ይመስላል። እኔ ግን ሸንተረሩን እንደማያየው አውቃለሁ።

ሁለቱም ዓይኖቹ መሐላቸው ላይ ጥቁር ነገር ተቀምጦባቸዋል። ዳር ዳሩን ያያል፤ የዛፍ ጥላ፣ የሰው ቁመት፣ የተንቀሳቀሰ ቅርንጫፍ አያመልጠውም። ትክ ብሎ ያየው ነገር ግን ይጠፋበታል። ይህን የምናውቀው እሱ፣ እናቴና እኔ ነን። ለአጎት ታይ እንኳ አልነገረውም።

ያሳወረው ጂንሰንግ ነው። ሐኪሙ እንዲህ አላለም። ሐኪሙ ያለው ደም ግፊት ነው፣ ከዓይኑ በስተኋላ ቀጫጭን የደም ሥሮች ፈንድተዋል ነው። ግፊቱን ምን ቆሰቆሰው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ብጠየቅ መልሱ አፌ ላይ ነበር።

ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ሥር ያገኘሁት ሽፋኑ የተገነጠለ የዕፅ መጽሐፍ ነው። ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ ሁለት ስህተትም አግኝቼበታለሁ። በአትክልት ቦታ በስድስት ዓመት የሚደርሰው ጂንሰንግ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ምንም እንዳላጣ የሀብታም ልጅ። ዘሩ በሰው እጅ ጫካ ተበትኖ በራሱ ያደገው ጠንከር ይላል። ተራራው ራሱ የወለደው ግን አንገተ ረጅም ነው። በየመከሩ ግንዱ ሲረግፍ አንገቱ ላይ አንድ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውን የሚያነብ ሰው ዕድሜውን ያውቃል። በእንፋሎት በስሎ የደረቀው ቀዩ ይሞቃል፤ እሱ ሰውነቷ ለቀዘቀዘ፣ ደም ለፈሰሳት፣ ከወሊድ አልነሳ ላለች ነው። በፀሐይ የደረቀው ነጩ ይለዝባል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው የፈረንጁ ደግሞ ያበርዳል፤ ጉሮሮው ለሚደርቅ፣ በውስጡ እሳት ላለበት ሰው ነው። ደንበኛ ግን ይህን ሁሉ አይሰማም። ባንኮኒዬን ተደግፎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ኃይለኛው የትኛው ነው?"

"ለማን?" እላለሁ። ለማን ማለቴ ያስቀይማቸዋል።

አባቴም እንደ እነሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከማሰሮው አንድ ቁራጭ ቀይ ጂንሰንግ አንስቶ ከምላሱ ሥር ያኖራል። በጥር ውርጭ ኮቱን ከፍቶ የሚሄድ፣ ፊቱ እንደ ፋኖስ የቀላ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ነገርኩት።

"አባባ፣ አንተ እሳት ነህ። እሳት ላይ ማገዶ አይጨመርም። የግድ ካልክ የፈረንጁን ውሰድ።"

"የፈረንጅ ሥር? እኔ? የራሱን ሥር ያላመነ መሪ ማን ይከተለዋል?"

"መጽሐፉ..."

"መጽሐፉ ስንት ጊዜ ተራራ ወጥቷል?"

እንዲህ ነበር የምንጨራረሰው። እናቴ መሐላችን አትገባም። እሷ የምታዝነው በራዲሽ ነው። ነጩን ራዲሽ፣ ያን እንደ ክንድ የሚወፍረውን የጓሮ ሥር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ትወዳለች። ግን ራዲሽ የጂንሰንግን ጉልበት ያፈርሳል ስለሚባል፣ እሷም ባሏ የማይበላውን ለብቻዋ ስለማትበላ፣ ሠላሳ ዓመት ቤታችን ራዲሽ አልገባም። የጎረቤት ጓሮ ውስጥ ሲነቀል ቆማ ታያለች።

በመድኃኒት ቤታችን የሚባል አንድ አነጋገር አለ፦ መራራው ሆድ የሚያስቀምጥ ሥር ቢያድንም አይመሰገንም፤ ጂንሰንግ ቢገድልም አይወቀስም። ከሆስፒታል ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ይህን ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እኔ አፌን የምዘጋ ሰው አይደለሁም።

ታዲያ ዓይኑ እንዲህ እያለ ተራራ ምን ያስወጣዋል? ዱላው ነው ያስወጣው። ጫፉ ላይ ሦስት የመዳብ ሳንቲም የታሰረበት የመሪ ዱላ፣ መሪው ትልቅ ሥር ይዞ በወረደበት መከር ነው ለሌላ የሚተላለፈው። ባዶ እጁን የወረደ መሪ ዱላውን አይሰጥም፤ እንደገና መውጣት አለበት። አባቴ ያለፈውን ዓመት ባዶውን ነበር የወረደው። አንድ ባለ አምስት ቅጠል፣ ግንዱ አምስት ክንድ ያወጣ ትልቅ ሥር፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ ዱላውን አስረክቦ ማረፍ ነው የፈለገው። አደጋው ደግሞ ከዚያው ጋር ነው። የሌለ ሥር አይቶ የጮኸ መሪ "ተራራ አስደነገጠ" ይባላል። በዚያው በቆመበት ዱላውን ይነጠቃል። ከዚያ ወዲያ ማንም ከኋላው አይሄድም፤ በመንደሩም ስሙ የሚነሳው ለሳቅ ነው።

በወጣንበት ማለዳ እናቴ የኮቴን ቁልፍ እየቆለፈችልኝ "ችዩሂ፣ ዓይኑስ ሄዷል" አለችኝ። "ስሙ ተከትሎ እንዳይሄድ።"

እኔ የወጣሁት በቁጥር ምክንያት ነው። ወደ ተራራ ሲወጣ ጎዶሎ ተሁኖ ነው፤ ሲወረድ ሙሉ። የተገኘው ሥር እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። ሦስተኛችን የነበረው የአጎት ታይ አማች ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ሁለት ሰው ደግሞ አይወጣም። በሌላ ዓመት ቢሆን ሴት ይዘን እንውጣ ያለ ሰው ይሰደብ ነበር።

"ሴት ይዘን ልንወጣ ነው?" አለ አጎት ታይ በሩ ላይ።

"እሷ ሴት አይደለችም" አለ አባቴ። "ጎዶሎ ናት።"

"እሱንስ ከአፏ አውቄዋለሁ።"

ተራራ ላይ "እንብላ"፣ "እንተኛ" አይባልም። ሁሉም ነገር "እንያዝ" ነው፤ ምሳ ይያዛል፣ እሳት ይያዛል፣ እንቅልፍ ይያዛል። አፍ መያዝን ከለመደ እጅም ይይዛል ተብሎ ነው። እስከ ስድስተኛው ቀን እኛ የያዝነው ነገር የለም፤ እኛን ግን ጉንፋን ይዞናል። የበቆሎው ቂጣ ሻግቷል። ጨው የጠገበው ጎመን ከማለቁ በፊት እኔ ጠግቤዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በመስመር እንሄዳለን፤ አባቴ መሐል፣ እኔ በግራው፣ አጎት ታይ በቀኝ ዳር። ሣሩን በዱላችን እየገለጥን እናያለን፤ መገኛችንን ለማሳወቅ ዛፍ እንመታለን። አባቴ የሚሄደው በእኔ ዱላ ድምፅ ነበር። የወደቀ ግንድ ፊቱ ካለ ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ ገደል ካለ ሦስቴ። ማንም አላስተማረንም፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ተደናቅፎ ሲነሳ ጀመርነው፤ ከዚያ ወዲያም ስለ እሱ አልተነጋገርንም።

በአራተኛው ቀን አባቴ አንድ ሥር በሁለት እርምጃ ርቀት አልፎት ሄደ። ሁለት ክንድ ያላት ትንሽ ነበረች፣ ቀይ ፍሬዋን ይዛ። እኔ ባልጮህ ኖሮ ቀርታ ነበር። ትንሽ ስለሆነች አልነካናትም፤ ፍሬዋን ብቻ መሬት ውስጥ ቀብረን ተውናት። አጎት ታይ አባቴ የቆመበትን ቦታ አየ፤ ሥሯን አየ፤ ትንባሆውን ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ አዞረ። አጎት ታይ ምንም ሳይል ሲቀር ያስፈራኛል።

በዚያ በስድስተኛው ቀን፣ ጉቶው አጠገብ ጭቃ ላይ ምሳችንን ይዘን ሳለ፣ አባቴ ውኃ ሊቀዳ ወደ ምንጩ ወረደ። መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል።

"ሽማግሌው ሱዊን ታውቂያቸዋለሽ?" አለኝ አጎት ታይ።

"የአባባን አስተማሪ? በር ላይ ተቀምጠው ባቄላ ሲለቅሙ ነበር የማያቸው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ።"

"ሁልጊዜ ባቄላ አልለቀሙም። ይህን ዱላ ሃያ ዓመት ይዘውታል። አንድ ቀን እዚሁ ሸንተረር ላይ ጮኹ፤ 'ዘነዘና!' አሉ።" ሥሩ ዘነዘና ስለሚመስል ተራራ ላይ ስሙ እሱ ነው፤ ያየ ሰው ያን ቃል ይጮኻል። "አባትሽ ነበር አጠገባቸው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሄዶ አየ። ቀይ የወደቀ ቅጠል ነው። ምን ያለ ይመስልሻል?"

"ቅጠል ነው አለ።"

"ቅጠል ነው አለ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ዱላውን ከእጃቸው ወስዶ ከፊት ሄደ። እስከ ታች ድረስ አንድም ጊዜ ዞሮ አላያቸውም።"

"ሥርዓቱ እንዲያ ነው።"

"አይደለም አልኩሽ?" ቂጣውን ቆርሶ ሻጋታውን በጥፍሩ ፋቀ። "እኔም አይቼው ነበር ቅጠሉን። ከእሱ በፊት። እኔ ግን ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።"

አባቴ ውኃውን ይዞ ሲመጣ አጎት ታይ ስለ አማቹ ወሬ ጀመረ።

በሰባተኛው ቀን ዝናቡ አቆመ፤ ድካሙ ግን አላባራም። እንዲህ ያለው ድካም አያሳምምም፤ ያደነዝዛል እንጂ። ቅጠል ሁሉ አንድ ቅጠል ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዛፎቹ መሐል ስትገባ፣ እርጥቡ መሬት መጨስ ሲጀምር፣ አባቴ ቆመ። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አደረገ፤ በዓይኑ ዳር ለማየት የለመደው አኳኋን ነው።

"ዘነዘና!" አለ።

ድምፁ እንደ ድሮው ነበር። ወፎች ከዛፉ ተነሱ።

"ምን ዓይነት?" አለ አጎት ታይ ከቀኝ ዳር። ሥርዓቱ ነው፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይጠይቃል።

"ባለ አምስት ቅጠል!"

ከዚያ በቅርብ ያለው ሰው ሄዶ ማረጋገጥ አለበት። በቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ አወቅሁት። እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው፤ ቁመቱ ገና ጉልበት ያልደረሰ። ቅጠሉ እንደ ጂንሰንግ አምስት ጣት ያለው መዳፍ ይመስላል፤ በመድኃኒት ቤታችን ልጡን በጆንያ ነው የምንቀበለው። ከጎኑ ያለ ሌላ ዕፅ ቀይ ፍሬውን ቅጠሎቹ ላይ አስደግፏል። ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ አይስተውም።

ቀና ስል አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አቅንቶ ይጠብቃል። ትክ ብሎ ስለሚያየኝ እንደማያየኝ አውቃለሁ። ከንፈሩ ትንሽ ተከፍቷል። አባቴን አፉን ከፍቶ የሰው መልስ ሲጠብቅ አይቼው አላውቅም።

እኔ ለደንበኛ አልዋሽም። የአንዲት ባለ ሥልጣን ሚስት ለልጇ ፈተና የተራራውን ጂንሰንግ ስጪኝ ብትለኝ "እመቤቴ፣ እንቅልፍ ይስጡት" ብዬ የሸኘኋት ሰው ነኝ። በዚህም እኮራለሁ። አባቴ ያኔ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ የተናገረውን ቃል ለመናገር ከእኔ የተሻለ ምላስ በዚያ ተራራ አልነበረም።

"ባለ አምስት ነው" አልኩ። "ይቅናህ አባባ።"

ከኪሴ ቀዩን ክር አውጥቼ ግንዱ ላይ አሰርኩ። ሥሩ እንዳይሸሽ ነው የሚታሰረው። ምንም የማይሸሽ እንጨት ላይ አጥብቄ አሰርኩት። እሾሁ ጣቴን ወጋኝ።

አጎት ታይ መጣ። ቆሞ አየ። ክሩን አየ፤ እኔን አየኝ፤ አባቴን አየ። ትንባሆውን ተፋ፤ ተራራ ላይ ትንባሆ ሲተፋ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ይቅናህ" አለ። "ይቅናህ ሾውዬ።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ የታየኝ። ውሸት ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበርና አርቄ አላሰብኩም። ሥሩን የሚያወጣው መሪው ነው። የሚያወጣውም በዓይኑ ሳይሆን በጣቶቹ ነው። ሠላሳ አንድ መከር አፈር ውስጥ የኖሩ ጣቶች።

አባቴ ተንበረከከ። የደረቀውን ቅጠል በእጁ ጠረገ። የአጋዘን አጥንት መርፌውን ከጉያው አወጣ፤ ብረት ሥሩን ስለሚጎዳ በአጥንት ብቻ ነው የሚቆፈረው። አፈሩን በትንሽ በትንሹ ፈለፈለ። ግራ እጁ ግንዱን ተከትሎ ወደ ታች ወረደ፣ አንገቱ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ደረሰ። አንገት የለም። ጠባሳ የለም። እንጨት ነው።

እጁ ቆመ።

ትንኞች ጆሮዬ ላይ ይጮኻሉ። አጎት ታይ አሁንም ጫማውን ያስራል፤ ያ ጫማ ማሰሪያ እንዳልነበረው ያየሁት ያኔ ነው።

አባቴ ሊነሳ ይችል ነበር። "ልጄ ዋሽታኛለች" ሊል ይችል ነበር። የሐሰት ጩኸትን እውነት ነው ብሎ ያጸደቀ ሰው ከጮኸው ይብሳል፤ መሪው ተሳሳተ ይባላል፣ ያጸደቀው ግን ተራራውን አታለለ ነው የሚባለው። ሴት ልጅ ይህን ካደረገች ደግሞ ለሚቀጥሉት መቶ ዓመታት ለምን ሴት አይወጣም ለሚሉት ምክንያት ሰጠቻቸው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። እሱ ግን እጁ በቆመበት በዚያች ቅጽበት አውቆታል።

"አፈሩ ጠንካራ ነው" አለ። "ጊዜ ይወስዳል። ታይ፣ ጭስ ያዝልን፤ ትንኙ በላን።"

ከዚያ ቆፈረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆፈረ። እንደ እውነተኛ ባለ አምስት፣ እያንዳንዷን ጭራ እየተከተለ፣ አፈሩን በትንፋሹ እፍ እያለ። አጎት ታይ እርጥብ ቅጠል እያጨሰ ትንኙን ያባርራል። እኔ ከጎኑ ተንበርክኬ አፈሩን በመዳፌ እቀበላለሁ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ተው ልለው ፈለግሁ። በቃ ተው፣ ደክሞሃል፣ ሁላችንም ደክሞናል። ግን ያን ካልኩ ሦስታችን የያዝነው ነገር ይሰበራል።

"ሽማግሌው ሱዊ..." አለ ድንገት፣ ራሱን ቀና ሳያደርግ። አጎት ታይ ጭሱን ማራገቡን አቆመ። "ያን ቀን ያዩት እንዲህ ያለውን ነበር። ዳሩ ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ ምንም የለም። መሐሉን ልብ ይሞላዋል።" አንድ ጭራ በሁለት ጣቱ ፈታ። "አሁን ነው ያየሁላቸው።"

አጎት ታይ ጭሱን እንደገና ማራገብ ጀመረ። አባቴ ጥቂት ቆይቶ ወገቡን ይዞ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ጀርባዬ ደከመ። ችዩሂ፣ ያዢ።"

የአጥንቱን መርፌ ዘረጋልኝ። ከመሪው ሌላ ማንም አይነካውም። አጎት ታይን አየሁት፤ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ያያል። ያዝኩት። ከአባቴ እጅ የተነሳ ሞቋል፤ ከብዙ ዓመት የተነሳ ደግሞ እንደ ጥርስ ለስልሷል።

"አትውጊው" አለ አባቴ። እጁን እጄ ላይ አደረገ። "ከሥሩ ግቢለት። አፈሩ ራሱ ይለቀዋል። ጭራውን ከበጠስሽ ሰውየውን ጣቱን ቆረጥሽው ማለት ነው። እንዲህ። እንዲህ።"

በእንጨት ሥር ላይ አስተማረኝ። አንድም ጭራ አልበጠስኩም።

ሲወጣ አጎት ታይ የዛፍ ሽበትና የበርች ልጥ አምጥቶ ነበር። በእርጥቡ ሽበት ጠቀለልነው፣ በልጡ አሰርነው። አጎት ታይ ከዚያ ቢላውን አውጥቶ ወደ አንድ ጥድ ሄደ። ሥር የተገኘበት ቦታ ጥዱ ላይ ምልክት ይጫራል፤ የሚመጣ ትውልድ አይቶ እዚህ ነበር እንዲል።

"ተወው" አለ አባቴ።

"ምነው?"

"ጥዱ ልጅ ነው። አትጉዳው።"

ጥዱ ሁለት ሰው አያቅፈውም። አጎት ታይ ቢላውን አጠፈ። "አዎ፣ ገና ጨቅላ ነው" አለ።

አባቴ ዱላውን ከተደገፈበት አንስቶ ሰጠኝ። ሳንቲሞቹ ተንቀጫቀጩ። ሥር ይዘን ነው የምንወርደው፣ ስለዚህ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ከፊት ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ግንድ ሲኖር ሁለቴ፣ ገደል ሲኖር ሦስቴ እያንኳኳሁ። አንድ ጊዜ አጎት ታይ ከኋላዬ ደረሰና በጆሮዬ "የእኔ ዓይን እኮ ደህና ነው፤ ለእኔ አታንኳኪልኝ" አለኝ። ቀጥሎም ዝቅ ብሎ "ሥሩ የታለ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ለቤት ያስቀመጡት ነው እላለሁ" አለ። "ሾውዬ ሥሩን አሳዩኝ ያለውን ሰው እንደማይወድ ሁሉም ያውቃል።"

"አንተስ አጎት ታይ? ሴት ትከተላለህ?"

"ቁጥሩ ከሞላ ምን አገባኝ? እግሬ ነው የሚከተለው።"

ቤት ስንደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው ዱላውን እኔ እጅ ላይ ነው። ከዚያ የልጡን ጥቅል አየች።

"ባለ አምስት" አለ አባቴ ጫማውን እያወለቀ።

ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ልጡ ሲፈታ ሰማሁ። የቆፋሪ ልጅ፣ የቆፋሪ ሚስት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ጂንሰንግ በእንፋሎት የቀቀለች ሴት ናት። ከዚያ ልጡ እንደገና ሲታሰር ሰማሁ።

"ያምራል" አለች ስትመለስ። የተወጋውን ጣቴን ይዛ እሾሁን በመርፌ አወጣችልኝ።

አሥራ አራት ሰዓት ተኛን። በማግስቱ ማለዳ የእሾሃማውን ሥር ልጥ ልጬ አፈላሁ። መጽሐፉ ለደከመ ወገብ፣ ለዛለ ጉልበት፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይላል። ርካሽ ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። ሲኒውን አባቴ ፊት አኖርኩ። የቀዩ ጂንሰንግ ማሰሮ መደርደሪያው ላይ ነው፤ እጁ በልማድ ወደዚያ ሄደ። ክዳኑን ነካ። እዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተመለሰና ሲኒውን አነሳ፣ ቀመሰ።

"መራራ ነው" አለ።

"እኛው የቆፈርነው ነው።"

"አውቃለሁ።" ጠጣው። ሲኒውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ እናቴ ጥላ አዞረ። "ራዲሽ አለ እንዴ?"

እናቴ የምትጠርገው ጠረጴዛ ላይ እጇ ቆመ። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ የጎረቤት ጓሮ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ስትመለስ ክንዷን የሚያህል ነጭ ራዲሽ ታቅፋለች፣ አፈሩ ገና አልረገፈም። አጥባ፣ ቆራርጣ፣ ጨው ነስንሳ መሐላችን አስቀመጠችው።

ሦስታችንም በላን። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የማኘክ ድምፅ ብቻ ነበር። አባቴ በግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ቁራሹ በእጁ እንዳለ ራሱ ግድግዳው ላይ ዘንበል አለ። እናቴ ቁራሹን ከጣቶቹ ቀስ ብላ፣ ጭራ እንዳይበጠስ እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ አወጣችና ራሷ በላችው።